ትልቁ ቢጫ ሸራ መጋረጃ እንዳይሆን

ናዝሬት፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አስፋው፣
የቀይ አሸዋ ሠርቶ አደሮች መዝናኛ ሥራ አስኪያጅ፣ የስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ የተቋቋመ ሌላ ኮሚቴ ካለም የእሱ ሊቀመንበር
ላንጋኖ

ጉዳዩ፦ እንዳቀርብ የታዘዝኩትን ግለ ሂስ ስለማቅረብ

ጓድ ሊቀመንበር፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ እንዴት እንዳደረገዎት ለመጠየቅ እወዳለሁ፤ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን በዚያ ፍጥነት ከመድረክ ከወረዱ ወዲህ ስብሰባ ላይ እንጂ በእግርዎ ሲሄዱ አላየሁዎትምና አሳብ ገብቶኛል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ያቺ አዲሷ ላንድሮቨርዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋዬ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ቃል ኮሚቴው የማይወደው ከሆነ ይሰርዘው፤ ደህንነቴን ግን ባይሰርዝብኝ ደስ ይለኛል።

ጽሑፉ በመዝናኛው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጠፍ ስለታዘዘ፣ ለማያውቀኝ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ኃይለየሱስ ድንበሩ እባላለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ስነዳ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ናዝሬት ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ በላይነሽ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ይህ ግለ ሂስ አብዮቱ ራሱ ባስተማረኝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ የሚያስከፋ ነገር ቢገኝበት ማንበብና መጻፍ ያመጣው ጣጣ ነው ብለው ይለፉልኝ።

እሑድ እሑድ ላንጋኖ ወርጄ የምቆምበት አንድ ጣውላ አለኝ። ሞተር የለውም፣ መቅዘፊያ የለውም። መሃሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ምሰሶው ላይ ሸራ አለ፤ ሰውዬው ጣውላው ላይ ይቆምና የሸራውን እጀታ እንደ መሪ ይይዛል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ ደብተር በሆነበት በዚህ ጊዜ ኮሚቴው ነፋስን እስካሁን በኩፖን ባለማድረጉ በዚህ አጋጣሚ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አሁን የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ላስታውስዎ፤ ረስተውት እንደሆነ ብዬ ሳይሆን፣ በስብሰባው ላይ የተነበበው ሪፖርት ከእርስዎ ንግግር በቀር ሁሉን ነገር ስለጠቀሰ ነው።

የሠራተኞች ቀን ሲቃረብ ለክቡራን እንግዶች ጥላ እንደሚያስፈልግ የዝግጅት ኮሚቴው ደረሰበት። የመዝናኛው ዘበኛ ሰንበታ እንደነገረኝ፣ ኮሚቴው ሸራ ለመምረጥ ደጋግሞ ተሰብስቧል። የጭነት መኪና ሸራ የእንግዶችን ፊት ያጨልማል ተብሎ ቀረ። መዝናኛው ዕቃ ቤት ያለው ትንሹ ነጭ ሸራ የሚያጠላው ለሁለት ወንበር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ወንበር የእርስዎ መሆኑ ወዲያው ቢወሰንም የሁለተኛው ወንበር ባለቤት ማን ይሁን በሚለው ላይ ስምምነት ስለጠፋ እሱም ቀረ። በመጨረሻ ሰፊ ነው፣ ቀለሙም ከሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት አንዱ ነው ተብሎ የእኔ ትልቁ ቢጫ ሸራ ተመረጠ። ለአንድ ቀን በውሰት ስጠን ተባልኩ፤ ሰጠሁ።

ነፋስ እንዲይዝ የተሠራ ሸራ ጥላ ይሁን ሲባል ትንሽ ቢገርመኝም አላሳሰበኝም፤ ፕሮግራሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከአራት ተኩል አያልፍም ተብሎ ነበርና። ላንጋኖ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሐይቁ ጠዋት ጠዋት እፍ ቢሉት እንኳን የሚነቃ አይመስልም። ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ምሰሶዎቹን የኮሚቴው አባላት አሸዋው ላይ ተከሉ። ሸራውን ግን ጭነት ማሰር የምታውቅ አንተ ነህ ተብዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ንግግርዎን ሲጀምሩ ፀሐይዋ ከአሩሲ ተራራ ገና ብዙ አልራቀችም ነበር። በዓለም ሁኔታ ተነሱ። ከዚያ አፍሪካን አቋረጡ፤ ክፍለ ሀገሩን ዞሩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ አውራጃው ደረሱ። ወረዳው ላይ ብዙ ቆዩ። እኔ ሌሊትና ቀን የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ውሃ ሳይጠጣ፣ ጎማ ሳያይ፣ እንደ እርስዎ ያለ ማቋረጥ የሄደ ሰው አላጋጠመኝም። ወደ መዝናኛችን ሲገቡ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ነፋሱ የመጣው «በማጠቃለያም» ሲሉ ነው።

ሸራው አንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ሞላ። ምሰሶዎቹ ከአሸዋው እንደ ካሮት ተነቀሉ። ዳሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ፣ ማይክሮፎኑንና የቀረውን የንግግርዎን ወረቀት ይዞ ወደ ሐይቁ ተነሳ። እርስዎም የሕዝብ ንብረት ሲሄድ ቆሜ አላይም ብለው ይመስለኛል፣ አንዱን ምሰሶ አንቀው ይዘው እስከ ጉልበትዎ ውሃው ውስጥ አብረው ገቡ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር እንዲያጨበጭቡ ተነግሯቸው ነበር። ሰንበታ ከአጠገቤ ቆሞ በኦሮምኛው ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ «ያ ጃርሳ፣ አንተ ይህን ለመልመድ ስንት ክረምት ፈጀብህ፤ ሰውዬው እኮ ዛሬ ጀምሮ ዛሬ ሄደ!» ሲለኝ፣ በአነጋገሩ ባፍርለትም በሐሳቡ ከመስማማት አልዳንኩም። ከመዝናኛው ኃላፊዎች መካከል በሸራ ተጎትተው ሐይቅ የገቡ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ስለሆኑ ከልብ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ድርጊቱ አሻጥር ሊሆን እንደሚችል ተጠቆመ። ሸራዬ ተያዘ። ግንቦት ሲያልቅ ተቀድዶ ለስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ እንዲሆን ተወሰነ። ለእኔም ከዛሬ ጀምሮ በመዝናኛው ትንሽ ሸራ እንድጠቀም በቸርነት ተፈቀደልኝ፤ ግለ ሂስም እንድጽፍ ታዘዝኩ። ይኸው ታዝዣለሁ። ጥፋቶቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ያሰርኩት ነገር አለመፈታቱ። ገመዱ ላልቶ ቢሆን ኖሮ ሸራው ብቻውን ይሄድ ነበር፤ ምሰሶዎቹም፣ እርስዎም ባሉበት ትቀሩ ነበር። እኔ ግን ስኳርና ሲሚንቶ ጭኜ ከአሰብ እስከዚህ ስመጣ እንደማስረው አሰርኩት። ዳሱ ከውሃ ከወጣ በኋላም ሁለት የኮሚቴ አባላት ቋጠሮዬን መፍታት አቅቷቸው በቢላዋ መቁረጣቸውን አይቻለሁ። በቢላዋው ምክንያት ለጠፋው የሕዝብ ገመድ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ/ ዝምታዬ። መጨረሻ ረድፍ ተቀምጬ፣ ፀሐይዋን እያየሁ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቀርቻለሁ። እጄን አንስቼ «ጓድ፣ ነፋሱ መንገድ ላይ ነውና ወረዳውን ይዝለሉት» ማለት ይገባኝ ነበር። በርግጥ ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ዛሬ የምጽፈው ግለ ሂስ ከዚህ ይረዝም ነበር።

3ኛ/ ይህን ነጥብ ስብሰባው ላይ ስጀምረው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብዬ ስለተቀመጥኩ እዚህም አላነሳውም። ቦታው ግን ክፍት እንዲቀመጥልኝ እለምናለሁ።

4ኛ/ የሸራዬ ትልቅነት። ከጥፋቶቼ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው መሰለኝ፤ ስብሰባው ከበረረው ዳስ ይልቅ ብዙ ሰዓት የፈጀው በዚህ ላይ ነበርና። «አንድ ለእሑድ ብቻ የሚመጣ ጡረተኛ የውድድር ሸራ ምን ያደርግለታል? ከማን ጋር ሊወዳደር ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ያን ዕለት እንድመልስ ጊዜ ስላልተሰጠኝ፣ መልሱን እዚህ እንዳሰፍረው በትሕትና ይፍቀዱልኝ።

ጣውላውን የተወልኝ ሚስተር ሃንስ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ላንጋኖ እየወረደ ሲንሳፈፍ፣ እኔ መኪናዬን ዳር አቁሜ ሳየው፣ አንድ ቀን ና ሞክር አለኝና በዚያው ለመድኩ። አገሩ ሲመለስ ጣውላውን ሰጠኝ፤ ከሁለቱ ሸራ አንዱን ምረጥ፣ የቀረውን ለመዝናኛው እሰጣለሁ አለኝ። አንዱ ትንሽና ነጭ ነው። ሌላው ለውድድር የተሠራው ትልቁ ቢጫ ነው። ሚስተር ሃንስም ጓድ ሊቀመንበር እንዳሉት ነበር ያለው፤ ለእሑድ ሰው ትንሹ ይበቃዋል፣ ትልቁ ከውሃ ሲነሳ ወገብ ይቆርጣል ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው፤ ሸራው ውሃ ላይ ተኝቶ ነው የሚጀምረው፤ ገመዱን ይዞ ጎትቶ ማቆም የሰውዬው ፈንታ ነው። ትልቁን ስጎትት እስከ ዛሬ ወገቤ ስሙን ጠርቶ ይረግመዋል።

ይሁን እንጂ ሰው መኪና የሚመርጠው በጭነቱና በመንገዱ እንጂ በሚነዳበት ቀን አይደለም። ጭነቱ እኔ ነኝ፤ የማልክደው ኩንታል የሚያህል ሰውነት አለኝ። መንገዱ ደግሞ የጠዋት ነፋስ ነው። ቅዳሜ ማታ ወደ ሻሸመኔ የሚወርዱ የድሮ ጓደኞቼ ያወርዱኛል፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ሲመለሱ መንገድ ዳር ቆሜ መጠበቅ አለብኝ። ስለዚህ ኃይለኛው ነፋስ ሲነሳ እኔ ዝዋይን አልፌያለሁ፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ጠዋት የሚነፍሰው፣ ነፋስ ለመባል ገና ያልወሰነው ነው። ከባድ ጭነትና ደካማ ነፋስ ሲገናኙ ሸራው ትልቅ ካልሆነ ጣውላው አይነቃነቅም። ለጎረምሳና ለከሰዓት በኋላ ትንሹ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ትንሹን መስጠት ተሳቢ ጭኖ የአዋሽን ዳገት ለሚወጣ ሰው የሞተር ብስክሌት እንደማዋስ ነው፤ አዋሹ ቢመሰገንም መኪናው ዳገቱ ሥር ነው የሚያድረው።

ይህን ሁሉ አስቤ ስለመረጥኩ ብልህ ነኝ ልል ነበር። ነገር ግን ግለ ሂስ እውነት ይጻፍበታል ስለተባለ ልናዘዝ፤ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። በላይነሽ ናት።

እሷ ውሃ ትፈራ ነበር፤ እግሯን እንኳን አታስነካውም። ከዳር ካለው ግራር ሥር ምንጣፏን ዘርግታ ምስር ስትለቅም ትውል ነበር። ሚስተር ሃንስ ሁለቱን ሸራ አሸዋው ላይ አንጥፎ እኔ ሳወጣ ሳወርድ ቆይታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ «አንተ ሰውዬ፣ ትንሹን ከወሰድክ እኔ ከነጮቹ ወፎች አልለይህም። ቢጫውን ውሰድ፤ የሰመጥክ እንደሆነ የት እንደሰመጥክ እንኳን ልወቀው» አለችኝ። የወገቤን ነገር አነሳሁባት። «ወገብህን እኔ አሽልሃለሁ፤ ትልቁን ውሰድ» አለች። ምርጫው በዚህ አለቀ፤ ስብሰባም አልተጠራም።

ሸራው መሃል ላይ ባለሸራው ወደ ማዶ እንዲያይበት የተሰፋ የላስቲክ መስኮት አለ። ከሐይቁ መሃል ዞሬ ስመለስ በዚያ መስኮት በኩል ግራሩ ይታየኛል፤ ከሥሩ ነጠላዋ ይታየኛል። እጇን አታውለበልብም ነበር፤ ሥራ አላት። አንድ ጊዜ ቀና ትልና ቢጫውን አይታ ወደ ምስሯ ትመለሳለች። እሷ ካረፈች ወዲህም ስመለስ በዚያው በኩል አያለሁ። ግራሩ አለ። ሰንበታ አንዳንድ ቀን ከሥሩ ይቀመጣል፤ እሱ ምስር አይለቅምም፣ ሆኖም ሰው ተቀምጦ ማየት አይከፋም። በማዶ በኩል ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ቢጫው ሐይቁ ላይ ሲታይ ዛሬ እሑድ ነው ይላሉ ሲል አጫውቶኛል። እንግዲህ ከማን ጋር ሊወዳደር ነው ላሉት መልሴ ይህ ነው፤ ከማንም ጋር አይደለም። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው እንድታይ ብቻ ነው።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የመጋረጃው ውሳኔ በጥልቅ ጥናት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ጨርቁ ደረቅ ስለሆነ በተነካ ቁጥር እንደ ቆርቆሮ ይንጓጓል፤ ሰው ስብሰባ ላይ እንዳይተኛ ታስቦ ከሆነ ብልሃቱን አደንቃለሁ። መሃሉ ላይም የነገርኩዎ መስኮት አለ። መስኮትን የሚሸፍን፣ ራሱ ግን መስኮት ያለው መጋረጃ በክፍለ ሀገሩ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ በሚቀጥለው በዓል ንግግርዎ ላይ በሥራ ውጤትነት ሊጠቀስ ይችላል። ከአፍሪካ በኋላ ቢገባ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ግንቦት ከማለቁ በፊት፣ መቀስ ሳይነካው፣ ትልቁ ቢጫ ሸራዬ ይመለስልኝ። ለአዳራሹ መጋረጃ እኔ ራሴ ከናዝሬት ገበያ አቡጀዲ ገዝቼ፣ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ የማይንጓጓና መስኮት የሌለው።

ይህ የማይሆን ከሆነም ለኮሚቴው ውሳኔ ፍጹም ታዛዥ ነኝ። ከመጪው እሑድ ጀምሮ በተፈቀደልኝ ትንሽ ነጭ ሸራ እወጣለሁ። ከላይ እንዳስረዳሁት እኔን የሚያህል ሰው በዚያ ሸራ በጠዋት ነፋስ የትም ስለማይሄድ፣ እንግዶች ቁርስ ከሚበሉበት በረንዳ ፊት ለፊት፣ ከእርስዎ ቢሮ መስኮት ትይዩ፣ ትንሽ ከዳር ፈቀቅ ብዬ እቆማለሁ። አልነቃነቅም። አልናገርም። ፊቴን ወደ እርስዎ አድርጌ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ክቡራን እንግዶች ይህ ሐውልት የማን ነው ብለው አስተናጋጆቹን ሲጠይቁ፣ አስተናጋጆቹ ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ከንግግሩ ጀምረው እንዲያስረዱ ሰንበታ ከወዲሁ አለማምዷቸዋል። የሚያጨበጭቡበትን ቦታ ጭምር ያውቃሉ። ክረምት ቢገባ ካፖርት አለኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እሑድ ግን አላለቀም።

ይህን ግለ ሂስ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም ንግግርዎን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጫለሁና፣ ማለትም ነፋሱ እስከፈቀደው ድረስ፣ ተካክለናል።

ጥፋቱን አምኖ፣ ሸራውን ለምኖ፣
ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣
የፈረሰውን ዳስ ገመድ ያሰረው፣
ኃይለየሱስ ድንበሩ
ጡረተኛ ሾፌር፣ የእሑድ ባለሸራ

ግልባጭ፦
ለመዝናኛው የግድግዳ ጋዜጣ፣ ከሩቅ እንዲነበብ በትልቅ ፊደል
ለመጋረጃ ሰፊው፣ መቀሱን እንዲያስቀምጥ
ለሰንበታ፣ ግራሩ ሥር

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው ነፋሱም ቀርቦ ግለ ሂሱን እንዲያሰማ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ይገኛል። የጥሪ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። እርስዎ ጠዋት ንግግር ከጀመሩ፣ «በማጠቃለያም» ሲሉ ራሱ ይደርሳል።